«ገብቶኛል» ብዬ የፈረምኩት ወረቀት

አስራ አንድ ቦታ ፈርሜያለሁ። ያኔ አልቆጠርኩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሥልጠና ወረቀቶቼን ኮፒ ጠይቄ ሲሰጡኝ ነው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ የቆጠርኳቸው። አስራ አንዱም ላይ ያው ፊርማዬ አለ፤ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት፣ መጨረሻው ላይ ጅራት ያለው። ከፊርማው በላይ ደግሞ በየወረቀቱ ተመሳሳይ ነገር ተጽፏል። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል ተሰጥቶኛል፣ የተነገረኝ ሁሉ ገብቶኛል።

አልገባኝም ነበር።

ጊዜው በፈረንጅ 2014 ነው። ሥራው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ)፣ ላውንደሪ (ልብስ ማጠቢያ) ክፍል። በዲቪ ከመጣሁ ሰባተኛ ሳምንቴ። እንግሊዝኛ ጭራሽ የለኝም ማለት አይቻልም፤ ዲፕሎማ አለኝ፣ ቀስ ብዬ ካነበብኩ እረዳለሁ። ያቃተኝ ፈረንጅ ሲያወራ መከተል ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስፈታ እሱ አራተኛው ላይ ይደርሳል።

መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። ከማዳመጫው ጆሮ አንዱ አይሠራም። ስለ እሳት አንድ ቪዲዮ፣ ስለ ዕቃ አነሳስ አንድ ቪዲዮ፣ ስለ ኬሚካል፣ ስለ ደም። ከእያንዳንዱ በኋላ አስር ጥያቄ ይመጣል፤ ከተሳሳትሽ ወደ መጀመሪያው ይመልስሻል። ሁለት ጊዜ ከመለሰኝ በኋላ ፊቴ ቀላ መሰለኝ፤ የቢሮዋ ሴትዮ በበሩ ብቅ እያለች «አለቀ?» ትለኛለች፣ እኔም «የስ፣ የስ» እላታለሁ። በዚህ መሃል ኩሽና የሚሠራ አንድ አበሻ ልጅ አየኝ። አዘነልኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ይሄ ቢ ነው፣ ያኛው ትሩ ነው፣ ይሄን ዝለዪው» እያለ አስጨረሰኝ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል የተባለው በአርባ ደቂቃ አለቀ። ተባረክ አልኩት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ወረቀት ላይ ሁለት ሳጥን ነበር፣ አንዱን መምረጥ አለብኝ። «ሁለተኛዋን ቲክ አድርጊ» አለኝ፣ «የመጀመሪያዋን ካልሽ ቀጠሮ ምናምን እያሉ ያመላልሱሻል»። ሁለተኛዋን አደረግሁ።

እቺን ሳጥን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በአራተኛው ወር ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከላይኛው ፎቅ የወረደ አንሶላ እየለየሁ ነበር። ቆሻሻ ልብስ በሁለት ዓይነት ከረጢት ነው የሚመጣው፤ ደም የነካው ምልክት ባለው ከረጢት ለብቻው መምጣት አለበት። ያ አንሶላ ግን በተራው ከረጢት ነው የመጣው። ዘርግቼ ሳራግፈው ቀኝ እጄ መሃል ጣት ላይ ጉንዳን የነከሰኝ መሰለኝ። ጓንቴን ሳወልቅ አንዲት ጠብታ ደም። አንሶላውን ሳገላብጠው የኢንሱሊን መርፌ፣ ክዳን የለውም፣ ጫፉ ወደ ላይ።

ምን አደረግሁ? ጣቴን ጨመቅሁ። በውሃ ታጠብኩ። በረኪና ትንሽ ነካ አደረግሁበት (በፍጹም አታድርጉት)። መርፌውን በወረቀት ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀሪውን አንሶላ ለይቼ ማሽን ውስጥ አስገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መባረር ፈርቼ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በላይ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ፈርሜያለሁ አልኩ። ገብቶኛል ብዬ ፈርሜ እንዴት አሁን ሄጄ አላወቅሁም እላለሁ? ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው፤ እኔም ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን ስልኬ ላይ ስለ ኤች አይ ቪ ሳነብ አነጋሁ።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጣቴ ላይ የጠቀለልኩትን ፕላስተር አዩ። ስልሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳቸው።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

የያዙትን የሻይ ኩባያ አስቀመጡ። አልተቆጡም፣ ምንም አላሉም። ክንዴን ይዘው ኮሪደሩን አቋርጠው ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ሳያንኳኩ ገቡ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከእኔም የባሰ ነው። ጣቴን ከፍ አድርገው አሳዩና ሦስት ቃል ተናገሩ፦ «ኒድል። ብለድ። ናው።»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ መኪና ላይ ነበርኩ። ክሊኒክ ስደርስ ነው ሰዓት የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የገባኝ። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ግፋ ቢል በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። እኔ ሃምሳኛው ሰዓት አካባቢ ነበርኩ። ሐኪሙ መርፌው የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ብንጀምር ይሻላል አለኝ። ደግሞም እኔ እንደፈራሁት አይደለም አለ፤ መርፌው ቫይረሱ ያለበት ሰው ቢሆን እንኳ በእንዲህ ዓይነት ውጋት ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። የበለጠ የሚያሳስበው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ መርፌው ቫይረሱ ያለበት ሰው ከሆነ ክትባት ላልወሰደ ሰው ከመቶ 6 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ክትባት ወስደሻል ወይ አለኝ። አልወሰድኩም። በእኛ አገር ይህ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በፈረንጅ 2007 ነው፣ እኔ ያኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ነርሷ ከመሥሪያ ቤቱ በፋክስ የመጣውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣

«እዚህ ላይ ክትባቱን አልፈልግም ብለሽ ፈርመሻል እኮ» አለችኝ።

ሁለተኛዋ ሳጥን።

ወረቀቱን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ ቃሉ ከፌዴራል ደንቡ ጋር ተያይዞ የወጣ ነው። በሥራዬ ምክንያት ለደም ስለምጋለጥ ሄፓታይተስ ቢ ሊይዘኝ እንደሚችል ገብቶኛል፣ ክትባቱን በነፃ እንድወስድ ዕድል ተሰጥቶኛል፣ ለጊዜው ግን አልፈልግም፣ ወደፊት ከፈለግሁ በነፃ ይሰጠኛል ይላል። እኔ ቀጠሮ እንዳያመላልሰኝ ነው የፈረምኩት። ያ ልጅም ክፋት አልነበረውም። ለእሱም አንድ ሌላ አበሻ እንደዚያው አድርጎ ነበር ያስጨረሰው፣ በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ውጤቱን ላሳጥረው። 28 ቀን አንጀቴን የሚያገለብጥ ክኒን፣ በሁለቱም ክንዴ መርፌ፣ ስድስት ወር በየጊዜው የደም ምርመራ። ንጹሕ ሆንኩ። እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም፣ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ግን ይህንንም ያወቅሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን የሂሳብ ወረቀት እስኪመጣ ነበር የምጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በንዴት ነው እንጂ በእውቀት ፍቅር አይደለም። ቁጭ ብዬ በመዝገበ ቃላት፣ በቀን አንድ ገጽ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ያንኑ የደም ደንብ ነው። ፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ኦሻ የምንለው፣ በ1991 ያወጣው ነው። ሥልጠናው በነፃና በሥራ ሰዓት ይሰጥ ይላል። ሥራው ሲጀመር አንዴ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ክትባቱ ሥራ በጀመርሽ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይቅረብልሽ ይላል። ሥልጠናው ለሠራተኛው የትምህርት ደረጃ፣ ለንባብ ችሎታውና ለቋንቋው የሚስማማ ይሁን ይላል። ከሚያሠለጥነው ሰው ጋር ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ዕድል ይኑር ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እኔ ማንን ነበር የምጠይቀው? ኮምፒውተሩን?

ቀጥሎ ደግሞ ይበልጥ ያናደደኝ መጣ። ኦሻ በሚያዝያ 28 ቀን 2010፣ የፈረንጆቹ አፕሪል ማለቴ ነው፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ሁሉ የላከው መመሪያ አለ። ነገሩ ቀላል ነው። በደንቦቹ ውስጥ አሠልጥኑ፣ አስተምሩ፣ አስረዱ የሚል ቃል ባለበት ሁሉ፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና አነጋገር ማለት ነው። ለዕለት ሥራው ትእዛዝ በሌላ ቋንቋ የምትሰጠው ከሆነ ሥልጠናውንም በዚያው ቋንቋ ስጠው። ማንበብ የማይችለውን ሰው ወረቀት ሰጥተህ አንብብ ብትለው አሠለጠንኩ አይባልም። ተቆጣጣሪውም መዝገቡን አይቶ ብቻ እንዳያልፍ፣ ሠራተኞቹ በእርግጥ ገብቷቸው እንደሆነ እንዲያጣራ ታዟል። እኔ ሥራ ከመጀመሬ ከአራት ዓመት በፊት ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። ፊርማዬ ግን ከእነሱ ጋር።

ይህን በደንብ ልበለው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚፈርመው ለመዝገብ ብቻ ይመስለዋል። አደጋ ደርሶ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አሠሪው ከሚያቀርባቸው መከላከያዎች አንዱ፣ እኛ ሥርዓት አውጥተናል፣ አስተምረናል፣ እንከታተላለን፣ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው የሚል ነው። ለዚህ ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች አንዱ ያቺ ያንተ ፊርማ ናት። እርግጥ ወረቀት ብቻ አይበቃውም፣ ሥርዓቱን በተግባር ማስከበሩንም ማሳየት አለበት። ቢሆንም «ገብቶኛል» ያልከው አንተው ነህ።

አሁን ደግሞ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ለምንኖር ሰዎች ብቻ የሚገባ ነገር ልናገር። ፖቶማክ ወንዝን በቀን ሁለት ሦስቴ የምናቋርጥ ብዙዎች ነን። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ታድራለህ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ትሠራለህ፣ ማታ ዲሲ ሁለተኛ ሥራ አለህ። በዚህ አንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያየ የሥራ ደህንነት ባለሥልጣን ሥር ነው የምትውለው። ኦሻን የፈጠረው ሕግ በታኅሣሥ መጨረሻ 1970 ኒክሰን የፈረመው ነው፤ በዚያ ሕግ አንድ ግዛት ከፈለገ የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሥራውን ከፌዴራሉ መረከብ ይችላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፦ የግዛቱ ደንብ ቢያንስ የፌዴራሉን ያህል መጠበቅ አለበት። ከፍ ማለት ይችላል፣ ዝቅ ማለት አይችልም። 21 ግዛቶችና ፖርቶ ሪኮ ለግሉም ለመንግሥትም ሠራተኛ እንዲህ አድርገዋል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ዲሲ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ግን የሚያየው ፌዴራሉ ራሱ ነው።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይመስላል፣ አይደለም። ኮቪድ ሲመጣ በ2020 በፈረንጆቹ በጋ ላይ ቨርጂኒያ ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ለሥራ ቦታ አስገዳጅ የኮቪድ ደንብ አወጣች፤ ሥልጠናም ነበረበት። ያኔ እዚያው ነርሲንግ ሆም ነበርኩ፣ በዚህ ጊዜ ግን ሳልጠይቅ አልፈረምኩም። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ በዚያ ሰሞን «እናንተ ሕግ ወጣላችሁ፣ እኛ ማስክ እንኳ ከቤት ነው የምናመጣው» ይለኝ ነበር። አሥር ደቂቃ በመኪና ነው።

እሱ አሁን በራሱ መኪና ሰው ያመላልሳል፣ በአፕ። ለእሱ ደግሞ ኦሻ የሚባል የለም። ሕጉ ተቀጣሪን ነው የሚጠብቀው፣ በራሱ የሚሠራውን አያይም። የእኛ ሰው ስንቱ ሾፌር እንደሆነ ቁጠሩና አስቡት። ወገቡን ሲያመው ማን ምን ብሎት ያውቃል? ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ልተወው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ግን አለ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ምግብ እርዳታ ለመጠየቅ ብትሄድ ፎርሙ በፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። ያው ሰው ጠዋት ሥራ ገብቶ ዓይን የሚያጠፋ ኬሚካል ሲሰጡት ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። የከተማዋ ሕግ የከተማዋን ቢሮዎች እንጂ የግል አሠሪውን አይመለከትማ።

አገር ቤትስ? አገር ቤትም ሕጉ አለ። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን በሚገባ ማስረዳት አለበት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ማተሚያ ቤት ስሠራ ግን ስለ መቁረጫው ማሽን የሰጡኝ ትምህርት «እጅሽን እንዳታስገቢ» የሚል ነበር። አጭር ነው፣ በሚገባኝ ቋንቋ ነው። ሕጉን አሟልቷል ብዬ እቀልዳለሁ አንዳንዴ።

ከነርሲንግ ሆሙ በ2022 ወጣሁ። ሜሪላንድ ዌርሃውስ (መጋዘን) ገባሁ፣ ደመወዙ ይሻላል፣ ሽታው ይሻላል። እዚያ ፎርክሊፍት፣ በብረት ሹካ ጭነት የሚያነሳውን ማሽን፣ መንዳት ልማር አልኩ። ወዳጆቼ ሁሉ «ላይሰንስ አውጪ፣ ኢንተርኔት ላይ በአንድ ሰዓት ያልቃል» አሉኝ። አንዷ ከፍላ አውጥታ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች፣ ፎቶዋ ሳይቀር አለበት። እኔ ያቺን አስራ አንድ ፊርማ አልረሳሁማ፣ ሄጄ ደንቡን አነበብኩ። መንግሥት የሚሰጠው የፎርክሊፍት መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። በ1998 መጨረሻ በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት አሠሪው ራሱ ነው የሚያሠለጥነውና የሚመሰክርልህ፤ ሦስት ነገር መኖር አለበት፣ ትምህርቱ፣ በእጅ ልምምዱ፣ ከዚያም በዚያው ሥራ ቦታ በዚያው ዓይነት ማሽን ላይ ስትሠራ ታይተህ መመዘን። ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ትመዘናለህ። ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ጭራሽ አትነካውም። ኢንተርኔቱ የመጀመሪያውን ሊሸፍን ይችላል፣ ሌሎቹን አይችልም። ጓደኛዬ ካርዷን ስታሳያቸው ፈገግ ብለው እንደ አዲስ አስቀመጧት።

ኦሻ 10 የሚባለው የአስር ሰዓት የደህንነት ትምህርትም እንዲሁ ነው። በፌዴራል ደረጃ ግዴታ አይደለም፣ መግቢያ ትምህርት ነው፤ እሱን ስለያዝክ ብቻ ሌላው ሥልጠና አይቀርልህም። ግዛቱ ግዴታ ሊያደርገው ግን ይችላል። ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን ኮንስትራክሽን ከገቡ በተቀጠሩ በ15 ቀን ውስጥ እንዲይዙት የኔቫዳ ሕግ ያዛል፣ ፎርማን ከሆኑ ደግሞ የ30 ሰዓቱን።

ያሠለጠነን አንድ ሳልቫዶራዊ ሽማግሌ ነው። ስላይድ አላሳየንም። ወለሉ ላይ ቢጫ ቴፕ አውጥቶ ሦስት ማዕዘን ለጠፈ፤ ሁለቱ ማዕዘን የፊት ጎማዎቹ፣ ሦስተኛው የኋላው አክስል መሃል። «ክብደትሽ እዚህ ውስጥ እስካለ ድረስ በሕይወት አለሽ» አለኝ። ከዚያ ውሃ የሞላ ባልዲ አስያዘኝ፤ መጀመሪያ ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ቀጥሎ ክንዴን ዘርግቼ። ክንዴ ተዘርግቶ አስር ሰከንድ አልቆየሁም፣ ወደ ፊት ዘነበልኩ። ሳቁብኝ። ጭነት ከሹካው ጫፍ ላይ ሲሆን ማሽኑን ምን እንደሚያደርገው በሕይወቴ አልረሳውም። ማሽኑ ቢገለበጥ ደግሞ ምን ታደርጊያለሽ አለኝ። እዘላለሁ አልኩ። ሁሉም ሰው እዘላለሁ ነው የሚለው። «የዘለለውን ጣሪያው ነው የሚጨፈልቀው» አለና ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አለማመደን፦ ቀበቶ ታስሮ፣ መሪውን ጨብጦ፣ እግርን አጥብቆ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ዘንበል ማለት። አራት አምስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ገባሽ ወይ አላለኝም። «አሁን አንቺ ለእኔ አስተምሪኝ» አለኝ።

የእንግሊዝኛ ቃል ጠፋኝ፣ በእጄም በእግሬም አስረዳሁት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ነው ወረቀቱን ያመጣው።

ሰው ይህን ሳወራ «እሱ ጥሩ አሠሪ ገጥሞሽ ነው» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሽማግሌ ያደረገው ደንቡ የሚለውን ነው፣ ምንም አልጨመረም። ዋጋውም አንድ ባልዲና አንድ ጥቅል ቴፕ ነው።

የእኛንም ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ። እኛ እንዳይሰለቹን ስንል እንፈርማለን። «አልገባኝም» ማለት «ደደብ ነኝ» ማለት ይመስለናል፣ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ ይብስበታል። አገር ቤት ኢንጂነር የነበረ ሰው አውቃለሁ፤ አስተርጓሚ ልጥራልህ ሲሉት ተቆጣ። ይሉኝታችን እንዲህ ነው። መልስ እየነገርን ማስጨረስንም ደግነት እንለዋለን። ደግነትስ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ከእትዬ ሦስት ቃል ጋር ሳስተያየው ግን አፍራለሁ።

ፍርሃቱንም አልክድም። ሥራ ይጠፋል ብሎ መፍራት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በፌዴራሉ ሕግ ስለ ደህንነት ስለጠየቅክ የበቀል እርምጃ ከወሰዱብህ ማመልከት ትችላለህ፣ ነገር ግን ያለህ 30 ቀን ብቻ ነው፤ ግዛቶቹ የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። 30 ቀን ምንም አይደለም። ቤት ኪራይ ከፍለህ፣ ሌላ ሥራ ፈልገህ፣ ንዴትህ በርዶልህ ቀና ስትል አልፏል። ወረቀት የሌለው ሰውም ሕጉ ይመለከተዋል፣ ይህን ብዙዎች አያውቁም። የኦሻ ስልክ 1-800-321-6742 ነው። ከማይክሮዌቩ በላይ የተለጠፈው፣ ወጥ የተፈናጠቀበት ፖስተር ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው፤ እኔ ስምንት ዓመት እሱ ሥር ምሳዬን ሳሞቅ አንብቤው አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ነገር ባለፈው በጋ የሆነ ነው፤ የነሱን በጋ ማለቴ ነው፣ በእኛ ክረምት የሚሆነውን። ሜሪላንድ ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ የሙቀት ደንብ አላት። ፌዴራሉ በዚያው ዓመት ረቂቅ አቀረበ፣ እሷ ቀደመችው። የሙቀት መጠኑ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ 80 ፋራናይት ሲደርስ ደንቡ ይጀምራል። ውሃ፣ ጥላ፣ አዲስ ሠራተኛ ቀስ በቀስ እንዲለምድ ማድረግ። 90 ሲሆን በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ እረፍት፣ 100 ሲሆን በየሰዓቱ 15። ሥልጠናውም በየዓመቱ ነው። የዌርሃውሱ የመጫኛ በር ጋ ሰብስበውን ያስረዱናል፤ ከጎኔ ከመጣ ወር ያልሞላው ልጅ ቆሟል፣ አዲስ ጫማ አድርጓል። ወረቀቱ ሲዞር እሱ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ጨርሷል።

«ቆይ» አልኩት፣ «ምን እንደሚል ንገረኝ።»

«ስለ ሙቀት ነው፣ እህቴ። ምሳ ሰዓታችን እኮ እያለቀ ነው።»

«ስለ ሙቀት ምን?»

ዝም አለ። ወረቀቱን ተቀበልኩትና መስመር በመስመር በአማርኛ ነገርኩት። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ላብ ድንገት መቆም፣ መዘባረቅ። ጓደኛህ ሲዘባርቅ ካየህ አትስቅበት፣ ሰው ጥራ። እያዳመጠኝ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ እጁን አወጣ። አሠልጣኟ ደነገጠች፣ በዚያ ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም።

«እረፍቱ ከደመወዝ ይቆረጣል ወይ በይልኝ» አለኝ።

ጠየቅኩለት። አይቆረጥም አለች።

ልጁ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ መለሰና «እሺ፣ አንድ ሌላ አለኝ» አለ። ከኋላችን አንዱ አበሻ «ኧረ በማርያም፣ በረሃብ ልትጨርሱን ነው!» አለ።